ከወሊሶ እስከ ሎወል፦ ወንበሩን ትቶ ከተማው የገባው ሴናተር

የገበያ ቀን ነው። ገብስና ድንች የጫኑ አህዮች የደብረ ታቦርን አስፋልት አጨናንቀውታል፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ ደግሞ ሥራ የሌለውን ሁሉ ቤቱ አስገብቶታል። እኔም ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ቤት ቡና ላይ ተቀምጫለሁ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ተማሪ ሳሉ ጎንደር ስላስተማሯቸው አሜሪካኖች ያጫውቱኛል። በእሳቸው ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ መማር የፈለገ የደብረ ታቦር ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ጎንደር ይወርድ ነበር። እዚያ የጠበቃቸው ክራባት የማያስር፣ ቦርሳውን ራሱ የሚሸከም፣ ከተማሪ ጋር ኳስ የሚራገጥ ወጣት ፈረንጅ ነው።

“ያን ጊዜ መምህር ይፈራል፤ ዓይኑን የሚያየው የለም” አሉኝ። “ይኼ ልጅ ግን ‘ጠይቁኝ’ ይለናል። መምህር መጠየቅ ነውር መስሎን ዝም አልን። ኋላ አፋችን ሲፈታ ማን ያቁመን!”

ሲኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ቆዩና፣ “ከነዚያ ውስጥ ኋላ ሴናተር የሆነ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው እንዴ ልጄ?” አሉ።

“ሁለት አሉ ጋሼ። አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ የአስተማሪዎቹ አለቃ።”

አለቃውን ቶሎ ብዬ ልለፍ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አስተማሪው ነውና። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጎ ፈቃደኛ አሜሪካውያንን ወደ ውጭ አገር የሚልከውን የሰላም ጓድ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1961 ነው። በዓመት ከመንፈቁ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1962፣ ሦስት መቶ የሚጠጉ የጓዱ ወጣቶች አዲስ አበባ ገቡ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሱ ወራት ያልሞላቸው ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አስጠርተው ተቀበሏቸው፤ ከዚያ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። አገሪቱ የነበሯት የሁለተኛ ደረጃ መምህራን እጅግ ጥቂት ስለነበሩ የእነዚህ መምጣት ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ አስጠጋው። ይህን ሁሉ ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚመራው ሃሪስ ዎፎርድ የተባለ ጠበቃ ነበር። ዎፎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ማርቲን ሉተር ኪንግ ጆርጂያ ውስጥ በታሰሩ ጊዜ፣ ኬኔዲ ለባለቤታቸው ለኮሬታ ስልክ እንዲደውሉ ሐሳቡን ካመነጩት አንዱ ነው። ያ ስልክ ብዙ የጥቁር አሜሪካውያንን ድምፅ ወደ ኬኔዲ እንዳዞረ ይነገራል። ሰውየው ከኢትዮጵያ ከተመለሰ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የፔንሲልቬንያ ሴናተር ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ዓመት ማንም ባልጠበቀው ምርጫ አሸነፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ተሸነፈ። በ92 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2019 አረፈ።

አስተማሪው ፖል ሶንጋስ ነው። አዲስ አበባ ሲገባ ዕድሜው 21 ነበር። የተመደበው በጅማ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ራቅ ብላ ወደምትገኘው ወሊሶ ነው፤ ያኔ ከተማዋ ጊዮን ትባል ነበር። ሁለት ዓመት አስተማረ። ሴናተር ከሆነም በኋላ፣ ለፕሬዚዳንትነት ከተወዳደረም በኋላ፣ ማንነቴ የተሠራው እዚያ ነው ከማለት አልቦዘነም። ፖለቲከኛ ስለ ወጣትነቱ የሚያወራው ብዙ ጊዜ ለምርጫ ማሳመሪያ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ቃል በጥርጣሬ የምሰማ ሰው ነኝ። የእሱን ግን ወደ ማመኑ አዘነብላለሁ፤ ወሊሶ በማሳቹሴትስ ድምፅ አታስገኝም።

የመጣበት ቤት ሀብታም አልነበረም። ቤተሰቡ ከግሪክ የፈለሰ ነው። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተችው እሱ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። አባቱ ሎወል በምትባል ከተማ ልብስ ንጽሕና መስጫ ነበረው፤ ልጁም እዚያው እየሠራ አደገ። ዳርትማውዝ ኮሌጅ ገብቶ ዋናተኛ ሆነ፤ ይህች ዋና ኋላ በፖለቲካው ትመጣለች። ከኢትዮጵያ ሲመለስ ዬል ሕግ አጠና፤ ከዚያም ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሄዶ ለሰላም ጓድ ሠልጣኞችን አስተባበረ።

የሰላም ጓድን ነገር ሳነሣ ሁሉም እንደ መምህሩ በፍቅር ያስታውሰዋል ብዬ ማለፍ አልችልም። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ማብቂያና በ1960ዎቹ መግቢያ፣ “ጠይቁኝ” የተባለው ተማሪ አድጎ መጠየቅ ሲጀምር፣ የመጀመሪያ ጥያቄው “እናንተስ ለምን መጣችሁ?” የሚል ሆነ። አሜሪካኖቹ የኢምፔሪያሊዝም መልእክተኞች ተብለው ተወገዙ፤ አስተማሪዎችም በገዛ ተማሪዎቻቸው ተጮኸባቸው። ያም ሆኖ በዚያው ዘመን ከእነሱ መካከል የፈንጣጣ መከላከያ መርፌ ይዘው፣ መኪና በማይደርስበት ተራራ በእግርና በበቅሎ የዞሩ ነበሩ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ፈንጣጣ እ.ኤ.አ. በ1976 ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ሰላም ጓድ አገሪቱን ለቆ ወጣ፤ እስኪመለስም ደርግ መውደቅ ነበረበት።

ወደ ሶንጋስ ልመለስ። የሰውየው ታሪክ ለደብረ ታቦር ሰው የሚገባው ከሴኔቱ ይልቅ በሎወል በኩል ይመስለኛል።

ሎወል እ.ኤ.አ. ከ1820ዎቹ ጀምሮ የቦስተን ነጋዴዎች የሜሪማክን ወንዝ ፏፏቴ በቦይ ጠልፈው፣ በውሃ ጉልበት የሚሠሩ የጥጥ ፋብሪካዎችን የተከሉባት ከተማ ናት። አሜሪካ ኢንዱስትሪ የሚባለውን ነገር በብዛት ከለመደችባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዷ ነች። ጥጡ በደቡብ አገር ባሮች ይለቀማል፤ ሎወል ላይ ከገበሬ ቤት የመጡ ወጣት ሴቶች ይፈትሉታል፣ ይሸምኑታል። ሴቶቹ በ1830ዎቹ ደመወዝ ሲቀነስባቸው ሥራ አቆሙ፤ ባለቤቶቹ ቀስ በቀስ በአየርላንዳውያን፣ በካናዳ ፈረንሳዮች፣ ኋላም እንደ ሶንጋስ አያቶች ባሉ ግሪኮች ተኳቸው። መቶ ዓመት እንዲህ ከቆየ በኋላ ፋብሪካዎቹ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ወደ ደቡብ ነጎዱ። ሶንጋስ የተወለደባት ሎወል የተሰበረ መስኮትና የቆሸሸ ቦይ ነበረች። ትምህርት የዘለቀው ልጅ ሁሉ የሚያስበው መውጣትን ነው።

እዚህ ላይ ደብረ ታቦርን አለማሰብ አይቻልም። ይህች ከተማ በዘመነ መሳፍንት የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች፤ ከራስ ጉግሳ እስከ ራስ ዓሊ ድረስ የአገሪቱ ነገር የሚቆረጠው እዚህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም መናገሻቸው አደረጓት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ወታደሩ ገደል እየናደ መንገድ እየጠረገ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ከዚያ በኋላ ታሪክ ከተማዋን ጎብኝቶ ያልፋል እንጂ አይቀመጥባትም። ራስ ጉግሳ ወሌ ቤጌምድርን ከዚህ ገዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 አንቺም ላይ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦር የአውራጃ፣ የዞን ከተማ ናት።

ጋፋት የሄድኩ ዕለት መንገዱን ያሳየኝ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። “መድፍ የተሠራበት ነው” አለኝ በእርግጠኝነት። መድፉን አይቶት ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀብኝ። ሳቁ ልክ ነው። መድፉ ያለው መቅደላ፣ አምሳያው ያለው አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። የአገሩ ልጅ የአያቶቹን ሥራ ሊያይ አውቶቡስ መሳፈር አለበት።

ሎወልም እንዲሁ ለመሆን ተቃርባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የከተማው ሹማምንት አሮጌዎቹን ፋብሪካዎች ማፍረስ ይዘው ነበር፤ ቦዮቹን በአፈር እንሙላቸው የሚልም አልጠፋም። ፓትሪክ ሞጋን የሚባል የትምህርት ሰው ግን ሌላ ነገር ይዞ ይዞር ነበር፦ የምታፍሩበት ይኼ ፍርስራሽ መማሪያችሁ ነው፤ ከተማው እንዳለ ሙዚየም ይሁን አለ። ለረጅም ጊዜ የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ለምኑ ነው የሚታየው? ብሔራዊ ፓርክ ማለት ለአሜሪካዊ ድብና ተራራ ነው፤ የጥጥ ፋብሪካ ብሎ ፓርክ ማን አየ?

ከካሪቢያን የተመለሰው ሶንጋስ እ.ኤ.አ. በ1969 ለሎወል ከተማ ምክር ቤት ተወዳደረና ገባ። በዚያው ዓመት ኒኪን አገባ። የዬል ሕግ ምሩቅ ዋሽንግተንና ኒው ዮርክ በር በሚከፍትለት ዘመን፣ እሱ ስለ ቆሻሻ ማንሻና ስለ ፖሊስ በጀት የሚከራከር የሰፈር ፖለቲከኛ ሆነ። ቀጥሎ የካውንቲ ኮሚሽነር፤ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በዋተርጌት ቅሌት ሪፐብሊካኖች በተሽመደመዱበት ዓመት፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆነ። እዚያም የሞጋንን ሐሳብ ሕግ አድርጎ አወጣው፤ ፕሬዚዳንት ካርተር የሎወል ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክን አዋጅ የፈረሙት ጁን 5 ቀን 1978 ነው።

የሶንጋስ ብልሃት አዋጁ ላይ አላበቃም። የከተማውን ባንኮች አንድ ላይ ቁጭ አድርጎ፣ ከተቀማጫቸው ጥቂት ጥቂት አውጥተው አሮጌ ሕንፃ ለሚያድስ ሰው በዝቅተኛ ወለድ እንዲያበድሩ ገፋፋ። ነጋዴውን፣ ሹሙንና ዩኒቨርሲቲውን የሚያገናኝ ማኅበር አቋቋመ። ዋንግ የሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን ሎወል ሲያደርግ ሺዎች ሥራ አገኙ። ዛሬ ቡት የሚባለውን የጥጥ ፋብሪካ ሊጎበኝ የሚገባ ሰው በር ላይ የጆሮ መድፈኛ ይሰጠዋል፤ መሸመኛዎቹ እንደ ድሮው እየተንኳኩ ስለሚሠሩ ነው። ጎብኚው ስለ ፋብሪካ ልጆች አድካሚ ኑሮ ከሚያነብ፣ ዐሥር ደቂቃ ያንን ጩኸት ቢሰማ ይበልጥ ይገባዋል የሚል ነው አሳባቸው።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከወረታ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ በመሐሏ ይሄዳል፤ ላሊበላን ያየ ጎብኚ ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ በበሯ ያልፋል። ጋፋት ላይ ምድጃ ተሠርቶ፣ ብረት ሲቀልጥ ወናፍ ሲነፋ ማሳየት ከሎወል መሸመኛ የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም። የከበደው ሌላ ነው። ሎወል የሞጋንን ሐሳብ ወደ ሕግና ወደ ብድር የሚለውጥ፣ ከተማውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የተማረና ተመልሶ የገባ ሰው ነበራት።

ሶንጋስ እ.ኤ.አ. በ1978 ለሴኔት ተወዳደረ። በቴሌቪዥን ያስነገረው ማስታወቂያ ሕፃናት ስሙን መጥራት ሲያቅታቸው የሚያሳይ ነበር፤ ሕዝቡ ሳቀና ስሙን ለመደ። ያሸነፈው ግን ኤድዋርድ ብሩክን ነው፤ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠውን የመጀመሪያ ጥቁር ሴናተር። ብሩክ በፍቺውና በገንዘብ ጉዳዩ ስሙ በመጉደፉ ተዳክሞ ነበር፤ ቢሆንም አፍሪካ ሠራችኝ የሚለው ሰው ሴኔቱን ያለ አንድ ጥቁር አስቀርቶ መግባቱ የታሪክ ፌዝ ነው።

ሴናተር ሲባል የእኛ አገር አንባቢ በዕድሜው መጠን የተለያየ ነገር ይታየዋል። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ከግዛቱ የተነሣ መኳንንት ማረፊያም ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ፓርላማውን እስኪበትን ድረስ ሕዝብ መርጦት እዚያ የተቀመጠ ሰው የለም። የአሜሪካው ሴኔት መቶ ወንበር አለው፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት፣ ትልቁም ትንሹም፣ ሁለት ሁለት። ዘመኑ ስድስት ዓመት ሲሆን፣ የፈለገ ሰው እየተመረጠ እስኪያረጅ መቀመጥ ይችላል። ብዙዎቹም ያረጁበታል።

ሶንጋስ በዚያ ወንበር ስድስት ዓመት ቆየ። ክራይስለር የመኪና ኩባንያ ሊከስር ሲል መንግሥት ብድሩን እንዲዋስለት በተደረገው ክርክር፣ ዴሞክራት ሆኖ ሳለ የሠራተኞቹም ደመወዝ ባለበት ይቁም ብሎ የሠራተኛ ማኅበራትን አስቆጣ። በአላስካ ጉዳይ ከነዳጅና ከእንጨት ኩባንያዎች ወገን የቆሙትን ሴናተሮች ሲከራከር ከርሞ፣ በዲሴምበር 1980 የተፈረመው ሕግ 42 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንዲጠበቅ አደረገ። ይህ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ከሲሶ በላይ ነው።

ኢትዮጵያንም አልረሳም። የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳለ፣ በዲሴምበር 1977፣ ዶን ቦንከር ከሚባል ባልደረባው ጋር የአፍሪካ ቀንድን ዞረ። የኦጋዴን ጦርነት የጋመበት፣ አዲስ አበባ ቀይ ሽብር የነገሠበት ወቅት ነው። አሜሪካ የረጅም ጊዜ ወዳጇን በሶቪየት ኅብረት እየተነጠቀች ነበር። ሁለቱ ሰዎች ያዩትን ለምክር ቤታቸው በዘገባ አቀረቡ። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የሚያወራ ሰው ሞልቶ ነበር፤ የገጠር ትምህርት ቤቷን ጠመኔ የያዘ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 መገባደጃ ሶንጋስ ብሽሽቱ አካባቢ እብጠት አገኘ። ምርመራው የሊምፍ ዕጢ ካንሰር አሳየ። ዕድሜው 42 ነው፤ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ታናሿ ገና ሕፃን ናት። በሽታው ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለነበር፣ እንደገና ልመረጥ ቢል የሚያስቀረው አልነበረም። በጃንዋሪ 1984 ግን አልወዳደርም ብሎ አስታወቀ። ወንበሩን ጆን ኬሪ ወሰደው፤ ያው ኋላ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም የሆነው። ሶንጋስ ሎወል ገባ።

የእኛ ሰው ስለ ሥልጣን ሲናገር “የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም” ይላል፤ ከደብረ ታቦር የገዙትም ያንን ተረት በደማቸው የፈረሙ ናቸው። ዋሽንግተን በሰይፍ አትገድልም እንጂ ጭራውን የለቀቀ ሰው እዚያም ብርቅ ነው። ሞት ስላስፈራው ነው የሚል አለ። ይሁን። ሞት አስፈርቷቸውም ወንበራቸው ላይ የሞቱ ሴናተሮች ግን ስንትና ስንት ናቸው። ሶንጋስ ስለዚህ ውሳኔው መጽሐፍ ጻፈ፤ በጥብቅና ሠራ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቦስተን ውስጥ የራሱን መቅኒ አውጥተው፣ ሰውነቱን በከባድ መድኃኒት አጥበው መልሰው የሚተክሉበት፣ ያኔ ገና አዲስ የነበረ ሕክምና ተደረገለት። ዳነ ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ኩዌት ነጻ በወጣች ማግስት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን የሚደግፈው ሕዝብ ወደ 90 በመቶ ደርሶ ነበር። ታዋቂዎቹ ዴሞክራቶች ሁሉ ጊዜው አይደለም ብለው አደፈጡ። በኤፕሪል ማብቂያ ሶንጋስ ሎወል ላይ ወጥቶ ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ አለ። ጋዜጠኞች ቀለዱበት፤ ድምፁ የሰለለ፣ ቀልዱ የደረቀ፣ ካንሰር ያለፈበት፣ ከዚያው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1988 ተወዳድሮ እንደተሸነፈው ዱካኪስ ግሪክ የሆነ ሰው!

በእጁ ያለው ከ80 ገጽ በላይ የሆነ ቡክሌት ነበር። ጃፓንና ጀርመን በፋብሪካ እየቀደሙን ነው፤ መንግሥት ከገቢው በላይ እያወጣ የልጆቻችንን ገንዘብ ይበላል፤ ዴሞክራቶች ነጋዴን እየጠሉ ሠራተኛን እንወዳለን ሊሉ አይችሉም ይላል። ተፎካካሪው ክሊንተን ለመካከለኛው መደብ የግብር ቅናሽ ቃል ሲገባ፣ ሶንጋስ እኔ የገና አባት አይደለሁም አለ። ቤንዚን ላይ ግብር እንጨምር የሚል ተወዳዳሪ በምርጫ ዘመን ብርቅ ነው። ለጤናው ጥርጣሬም መልስ አበጀ፦ በዋና ልብስ ገንዳ ውስጥ ዘሎ ሲቀዝፍ የሚታይበትን ማስታወቂያ አስነገረ።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1992 ኒው ሃምፕሸር ድምፅ ሰጠች። ሶንጋስ 33 በመቶ፣ ክሊንተን 25 በመቶ። አሸናፊው ሶንጋስ ነው፤ ግን በዚያች ምሽት ክሊንተን ቀድሞ ቴሌቪዥን ላይ ወጣና በወሬና በቅሌት ሊቀበር ሲል የተነሣ ጀግና መስሎ ተናገረ። በማግስቱ ጋዜጣው ሁሉ የሁለተኛውን አወራ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የፖለቲካ ግማሹ ማን ቀድሞ ተናገረ ነው እላለሁ። ሶንጋስ ሜሪላንድንና ዩታን፣ የራሱን ማሳቹሴትስንም አሸነፈ፤ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ግን ለክሊንተን ሆኑ፤ ቀጥሎ ኢሊኖይና ሚሺጋን። ገንዘቡ አለቀ። ማርች 19 ቀን ዘመቻውን አቆመ። በዚያው ዓመት ዋንግ ኩባንያ ከሰረ፤ የሎወል ትንሣኤ የተባለውም ግማሽ ፊቱ ጠቆረ።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። ሰውየው የመራራ እውነት ነጋሪ ነኝ ብሎ ነው የተወዳደረው። በዘመቻው ጊዜ እሱም ሐኪሞቹም ከ1986ቱ ሕክምና ወዲህ ካንሰር አልተመለሰም አሉ። ከዘመቻው ሲወጣ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ብብቱ ውስጥ ካንሰር ያለበት ዕጢ ተገኝቶ እንደታከመ ታወቀ። በኖቬምበር 1992፣ ክሊንተን በተመረጠበት ወር፣ በሽታው ሆዱ ውስጥ ተመልሶ ተገኘ። ደጋፊዎቹ ነገሩን እንደ ትንሽ ጉዳይ ያልፉታል፤ እኔ ግን አላልፈውም። የመዋኛ ገንዳው ማስታወቂያ ከዚህ በኋላ ሲታይ ውሸት ባይሆንም ከውሸት የራቀ አይደለም። ፖል ሶንጋስ የሞተው ጃንዋሪ 18 ቀን 1997 ነው፤ በ55 ዓመቱ። የክሊንተን የመጀመሪያ ዘመን ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ቢመረጥ ኖሮ አሜሪካ በሥልጣን ላይ እያለ ታሞ የሚታከም ፕሬዚዳንት ይኖራት ነበር፤ መራጩ ይህን የማወቅ መብት ነበረው።

ከዘመቻው በኋላ ያደረገው ግን የሚያስመሰግነው ነው። ከሪፐብሊካኑ ሴናተር ዋረን ሩድማን ጋር ሆኖ የመንግሥትን ዕዳ የሚቃወም የሁለቱ ፓርቲዎች ማኅበር መሠረተ፤ በየከተማው እየዞረም ተራውን ሰው በጀት አስተማረ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ከብዙ ዓመት በኋላ ከወጪው በላይ ገቢ ሲያገኝ እሱ ሞቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሎወል ላይ የበረዶ ገና መጫወቻ የሚሆን ትልቅ አዳራሽ በስሙ ተከፈተ፤ እንዲሠራ ሲሟገትለት የኖረው ራሱ ነው። አዳራሹን ኋላ የከተማው ዩኒቨርሲቲ ወሰደው፤ የሶንጋስ ስም ግን አልወረደም።

ሎወል ዛሬ ሀብታም አይደለችም። ከፋብሪካው ሰፈር በለቀቁት ግሪኮችና የካናዳ ፈረንሳዮች እግር፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ከፖል ፖት ጭፍጨፋ ያመለጡ ካምቦዲያውያን በብዙ ሺህ ገብተውባታል፤ ሱቆቹ፣ ምግብ ቤቶቹ፣ የከተማው ምክር ቤት ወንበሮችም በእነሱ ልጆች እየተያዙ ነው። ኒኪ ሶንጋስ ባሏ በሞተ በአሥረኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ እሱ በነበረበት የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ላይ ተመረጠች፤ ማሳቹሴትስ ሴት ወደ ኮንግረስ ከላከች ሩብ ምእተ ዓመት ሆኗት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ፣ ሳትሸነፍ፣ አልወዳደርም ብላ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣች። አሥር ዴሞክራቶች ተሻሙበት፤ ቆጠራው በ145 ድምፅ ልዩነት ተለይቶ ወንበሩን ያገኘችው ሎሪ ትራሃን የምትባል የዚያችው የሎወል ተወላጅ ናት።